ጉባኤያችንን የዘጋንበት ዕለት

ባለፈው ኅዳር ወረታ ላይ ለመምህራን በተዘጋጀ ሥልጠና እኔም ከመምህራኑ መሐል ተቀምጬ ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ፤ ነገር ግን የሰፈራችን ትምህርት ቤት የወላጆች ኮሚቴ አባል ስላደረጉኝ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር እጠራለሁ። አልቀርም። ቤት ውስጥ ብቻዬን ከመቀመጥ የሰው ወሬ መስማት ይሻለኛል፤ ደግሞም ምሳው ክፉ አይደለም።

አዳራሹ የደብረ ታቦሩ መንገድ ከጎንደሩ መንገድ ከሚገናኝበት ብዙ አይርቅም። የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር የመስኮቱ መስታወት ይርገበገባል፤ የባጃጁ ጩኸት ፋታ የለውም። ወቅቱ ሩዝ የሚገባበት ስለሆነ ከጓሮ የመፈልፈያው ሞተር ሲያጓራ ይውላል፤ የገለባው ብናኝ በመስኮት እየገባ ጠረጴዛው ላይ ያርፋል። እኛ ወረታዎች ለምደነዋል፣ እንግዳን ግን ያስነጥሰዋል። ከባሕር ዳር የመጣው ወጣት አሠልጣኝም በየመሐሉ እያስነጠሰና በራሱ እየሣቀ፣ ሥዕሎቹን ግድግዳው ላይ እያበራ ያስረዳን ነበር።

የሚያስረዳን የአንድ የትምህርት ንቅናቄ ታሪክ ነው። የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ፣ ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ከብዙ አገር የተውጣጡ መምህራን ተሰባስበው «እስከ ዛሬ ያስተማርንበት መንገድ ልክ አልነበረም» አሉ። ልጅ የሚሞላ እንስራ አይደለም፤ እየሠራ ይማራል፤ የሚፈራ ልጅ ያጠናል እንጂ አያስብም፤ ትምህርት ቤት ልጆች ራሳቸውን በራሳቸው ማስተዳደር የሚለማመዱበት ትንሽ አገር መሆን አለበት። በየከተማው እየተገናኙ ተወያዩ፣ ተከራከሩ፣ ተጣሉም። ከዚያ ሌላ ጦርነት መጣና በተናቸው። ታዛዥ ዜጋ የሚፈልጉ መንግሥታትም አንዳንዶቹን ትምህርት ቤቶች ዘጉባቸው። ሐሳቡ ግን በየአገሩ ሰው ልብ ውስጥ ቀረ፤ አሠልጣኙ እንዲህ ብሎ ነገሩን አሳመረና፣ «ይህ ለእኛ አገር በተለይ ለገጠሩ ገና አዲስ ነው፤ ማንም አልሞከረውም» ሲል ጨመረ።

እኔ ፈገግ አልሁ። ከአጠገቤ የተቀመጠችው ሰላማዊት፣ ማስተማር ከጀመረች ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጅ ናት፣ ጎንበስ ብላ «እትየ የሻረግ፣ ምን አሳቀዎት?» አለችኝ።

«ኧረ ምንም፣ ልጄ» አልኋት። ልቤ ግን አዳራሹን ለቆ ሄዷል። ከሐይቁ ወዲህ፣ የርብ ወንዝ ሲሞላ ውኃው ከደጅ የሚደርስባት መንደራችን ገብቷል፤ ሁለት ክፍል ብቻ ካላት ትምህርት ቤታችን።

በክረምት ወደዚያች ትምህርት ቤት የሚደርስ ሰው ጭቃውን ያውቀዋል። የሜዳው አፈር ጥቁር ነው፤ እግርን ከያዘ አይለቅም። መምህር አዱኛ መጀመሪያ የመጣ ዕለት ሱሪውን ከጉልበቱ በላይ ሰብስቦ፣ ጫማውን በማሰሪያው አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ እንደ ሽመላ እግሩን እያነሣ ሲመጣ ያየነው ልጆች በሣቅ ሞትን። በዚያን ጊዜ አንቱ ነበር የምንለው። ዛሬ ሳስበው ሃያውን ገና የተሻገረ ጎረምሳ ነው፤ ስለዚህ እሱ እያልሁ ባወራ አይፈረድብኝ። እኔ በዚያን ጊዜ አሥራ አራት ወይም አሥራ አምስት ዓመት ቢሆነኝ ነው። አምስተኛ ክፍል ነበርሁ። በእኛ ዘመን ገበሬ ልጁን ዘግይቶ ነበር ትምህርት ቤት የሚያስገባ።

ክፍል ገብቶ የጠየቀን የመጀመሪያ ጥያቄ «ምን ማወቅ ትፈልጋላችሁ?» የሚል ነበር። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከመምህር አፍ ሰምተን አናውቅም። የሚያስተምረው ጠፍቶበት ይሆናል ብለን አዘንንለት። በመጨረሻ ከሁላችን የሚደፍረው ጌጡ፣ ዲያቆን ነው፣ ድጓ ለመማር ይዘጋጅ የነበረ፣ ብድግ ብሎ «መምህር፣ ካስቸገረዎ ያምናው መጽሐፍ አለ እኮ» አለው። መምህር አዱኛ ሆዱን ይዞ ሣቀ። እኛም መምህር እንደ ሰው እንደሚሥቅ ያን ቀን አየን።

በሳምንቱ አግዳሚዎቹን ከመደዳ አንሥተን ዙሪያውን እንድናደርጋቸው አደረገ። ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጉባኤ ሆነ። ሰብሳቢው በየሳምንቱ ይለዋወጣል፤ ሴትም ትሰበስባለች። ማንም ሰው ማንንም መክሰስ ይችላል፤ መምህሩንም ጭምር። በጉባኤው የእሱም ድምፅ እንደ እኛው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። መጀመሪያ የተከሰሰው እሱ ራሱ ነበር፤ ለገበያ ወረታ ወጥቶ አርፍዶ በመምጣቱ። ጉባኤው ክፍሉን እንዲጠርግ ፈረደበት፤ ጠረገ። እናቴ ይህን ስትሰማ እጇን አፏ ላይ ጭና «መምህር ጠርጎ ልጅ ተቀምጦ? ስምንተኛው ሺ!» አለች። ግን ያን ሰሞን ቤት ውስጥ ለምን ውኃ የምቀዳው እኔ ብቻ እንደሆንሁ ብጠይቃት፣ ጥያቄው ራሱ ገርሟት ወንድሜን ላከችው።

ያን ጉባኤ እወደው ነበር። እንዴት እንደምወደው ዛሬ ለማስረዳት እቸገራለሁ። በቤታችን ሰው ሲናገር ዝም በይ ተብዬ ያደግሁ ልጅ ነኝ፤ ክፉ ቤተሰብ ሆነውብኝ ሳይሆን፣ ወጉ ነው። ዓርብ ሲሆን ግን አፌን ስከፍት ክፍሉ በሙሉ ዝም ብሎ ይሰማኛል። ከዚያ ወዲያ ብዙ ነገር አግኝቻለሁ፣ የዚያን ዝምታ ያህል ያከበረኝ ነገር ግን የለም።

ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ውኃ የሚተኛበት፣ ለጤፍ የማይሆን ቁራሽ መሬት ነበር። ማንም ስላልፈለገው ለእኛ ሰጡን። ያኔ ሩዝ ለሜዳችን እንግዳ ነው፤ ገበሬው ሲያየው «ይህ ሣር ምን ሊሆን ነው?» ይላል፤ የዛሬው ወረታ በሩዝ እንጀራ ሲያድር ማየት እንዴት ደስ ይላል! መምህር አዱኛ ዘር ከየት እንዳመጣ እንጃ፣ በዓመቱ ክረምት ሲገባ አምጥቶ ዘራን። ወጪና ገቢውን ስናሰላ ሒሳብ ተማርን፤ ርብ ለምን እንደሚሞላ ስንጠያየቅ ጂኦግራፊ ተማርን። ምርቱን ሸጠን ለክፍላችን መጻሕፍት ልንገዛ ጉባኤው ወሰነ።

ስለ ንቅናቄው የነገረን ያ ሩዝ ውስጥ ስናርም ነው። እሱን ያስተማረው አንድ የውጭ አገር ሽማግሌ ነበር፤ ያ ሽማግሌ ደግሞ በወጣትነቱ ከእነዚያ መምህራን ጋር ውሏል። «በዚያ የዓለም ጦርነት ያን ሁሉ ሰው የፈጀው ያልተማረ ሰው አልነበረም» አለን መምህር አዱኛ፣ ወገቡን ይዞ ቀና እያለ። «የተማረ ነው የተማረውን የፈጀው። አለቃው ግደል ሲለው ለምን ብሎ አልጠየቀም። ኋላ መምህራኑ ለምን ማለትን የነሣናቸው እኛ ነን ብለው አለቀሱ።» እግራችን ጭቃ ውስጥ ተተክሎ፣ የማናውቀው አገር መምህራን ማልቀሳቸው አሳዘነን። ጌጡ «ታዲያ ከለቅሶው በኋላ ምን አደረጉ?» ብሎ ጠየቀ። መምህር አዱኛ ጭቃ በለበሰ እጁ ዙሪያውን የቆምነውን እኛን አመለከተና «ይኸው» አለው።

ስድስተኛ ክፍል ገባን፤ ኅዳርም ደረሰ። ሩዙ ጎንበስ አለ። የመንደሩም ጤፍ ታጭዶ በየማሳው ተኝቷል፤ ሊከመር የሚካኤልን ማለፍ ይጠብቃል። በዓሉ ሊውል አንድ ቀን ሲቀረው ከሐይቁ በላይ የማይወደድ ደመና ተነሣ። የደረሰ ሩዝ ዝናብ ካገኘው ይረግፋል። ጉባኤ ጠራን፤ ያን ሳምንት ሰብሳቢዋ እኔ ነበርሁ።

ጥያቄው ግልጽ ነው፦ ነገ እንጨድ ወይስ አንጨድ? የኅዳር ሚካኤል በዓመት አንዴ የሚነግሥበት ነው። በእኛ አገር በዓል የሻረ ሰው ለራሱ ብቻ አይደለም የሚያጠፋው፤ በረዶ ያመጣል፤ የጎረቤቱን እህል ያስመታል ይባላል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ጌጡ ተነሣና «በሰንበት በሬው ጉድጓድ ቢገባበት የማያወጣ ማነው? ብሎ የለም ወይ ጌታ? ይህ የኛ በሬ ነው» አለ። ዲያቆን ይህን ካለ እኛ ማን ነን? ልባችን ሞቀ።

መምህር አዱኛ እጁን አውጥቶ ተናገረ። «እኔ አልስማማም» አለ። «ሩዙ ቢረግፍ ይሻላል። ያባቶቻችሁን ልብ ካስቀየማችሁ ኋላ የምንመልስበት መንገድ የለንም።» ድምፅ ተሰጠ፤ እንጨድ ያልነው እኛ በለጥን። እሱም እንደ ተሸናፊ ራሱን ነቀነቀና «እንግዲያ ማጭድ እንሳል» አለ።

በማግሥቱ ታቦት ወጥቶ የሴቶቹ እልልታ ከሩቅ እየተሰማን አጨድን። ጎንበስ ብሎ ከሁላችንም በላይ የሚያጭደው እሱ ነበር። ነዶውን ተሸክመን ክፍላችን ውስጥ ከመርነው። ሲመሽ ክፍሉ የደረቅ ሣር ሽታ ሸተተ፤ ወጉ ቢፈቅድ ኖሮ ዘፍነን እንገባ ነበር።

ዝናቡ በሁለተኛው ቀን መጣ፤ ዝናብ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረና ሜዳው በረዶ ለበሰ። የተኛው ጤፍ ሁሉ ከጭቃ ጋር ተቀላቀለ። አባቴ ከማሳው ሲመለስ ጋቢው ከላዩ ላይ ይንጠባጠባል። እሳት ዳር ተቀምጦ እጆቹን ያያል። ቢመታኝ ደስ ባለኝ ነበር። በዚያ ሁሉ ሜዳ ያልረጠበ እህል ቢኖር የእኛ ሩዝ ነበር፤ ይህም ነገሩን አባሰው። በዓሉን ያከበረው ተመታ፣ የሻረው ተረፈ። ማን ይህን ይታገሣል?

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መምህር አዱኛ ወደ ደጀ ሰላሙ ተጠራ። እኛም ተከትለን ከዳር ቆምን። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ፈንታ ገና ከመጀመሪያው «ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ነግሬ አስነሣዋለሁ» እያለ ይቆጣል። ዋናው ዳኛ ግን የደብሩ ቄስ መሪጌታ ዘለቀ ነበሩ፤ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ነገር ሳይጨርሱ የማይፈርዱ ሰው።

«ልጅ ያጠፋል፤ ልጅ ነው» አሉ። «ንስሐቸውን እኔ እሰጣለሁ። የሚጠየቀው መምህሩ ነው። አንተ ነህ እጨዱ ያልሃቸው?»

መምህር አዱኛ ዝም አለ። አይደለሁም ማለት ይችላል፤ እውነትም ነው። በጉባኤያችን ደንብ ግን ድምፅ ከተሰጠ በኋላ «እኔ የለሁበትም» ማለት አይቻልም። ጌጡ ግን አልቻለም፤ ከዳር ሆኖ ጮኸ፦ «አባ፣ እሳቸውስ እምቢ ብለው ነበር! እኛ ነን ያሸነፍነው!»

ጌጡ ሊያድነው ነው ያለው። የባሰው ግን ያኔ መጣ። ሕዝቡ በሣቅ ፈነዳ። «ልጆች አሸነፉት?» አለ አቶ ፈንታ። «ጥጆቹ እረኛውን ነዱት በለኛ!» መሪጌታ ግን አልሣቁም።

«ይህ ከበዓሉም ይብሳል» አሉ። «በዓል የሻረ ይናዘዛል፣ ይታረቃል። ልጅ መምህሩን አዝዞ ካደገ ግን ነገ ማንን ይሰማል? ስማ መምህር፤ ክፉ ሰው አይደለህም፤ ልጆቹም ይወዱሃል። ሁለት መንገድ አለህ። ይህን ጉባኤ የምትለውን ስሕተት ነበር ብለህ በሕዝብ ፊት ትዘጋለህ፣ አርጩሜህን ይዘህ እንደ መምህር ታስተምራለህ። አይሆንም ካልህ ደግሞ ሐሳብህን ይዘህ ወደሚፈልግህ አገር ትሄዳለህ። ማንም አይነካህም። ምረጥ።»

መምህር አዱኛ ወደ እኛ ዞር ብሎ አየና «አባ፣ ብቻዬን መምረጥ አልችልም» አለ። «ጉባኤው ይጠየቅልኝ።»

ሕዝቡ አጉረመረመ። አቶ ፈንታ «አየኸው? አየኸው?» ይላል ለማንም ላልሆነ ሰው። መሪጌታ ግን ፂማቸውን ያዝ አደረጉና፣ ፈገግ ያሉም መሰለኝ፣ «እንግዲያ ይጠየቁ። እኛም ይህን ጉድ ቁጭ ብለን እንይ» አሉ።

የመንደሩ ሽማግሌዎች ከመሪጌታና ከአቶ ፈንታ ጋር ትምህርት ቤታችን መጡ። ልጅ የሚቀመጥበት አግዳሚ ላይ ጉልበታቸው ደረታቸው ጋር ደርሶ፣ ዙሪያውን ተቀመጡ። የሩዙ ክምር በስተኋላቸው ነው። በሰው ላይ የሚሰጥ ድምፅ በእኛ ጉባኤ በምስጢር ነበር፤ ማንም በኋላ ቂም እንዳይያዝበት። ከጥቁር ሰሌዳው ጀርባ ሽምብራና ጓያ ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ ሰው ተራ በተራ ይገባና አንዷን ፍሬ ቅል ውስጥ ይጥላል። እኔ እንደ ሰብሳቢ ተነሥቼ አስታወቅሁ፦ መምህሩ ይቅርልን፣ ጉባኤው ይዘጋ የሚል ሽምብራ፤ ጉባኤው ስሕተት አልነበረም፣ መምህሩ ይዞት ይሂድ የሚል ጓያ።

ከመጀመራችን በፊት መምህር አዱኛ እንደ ማንኛችንም እጁን አውጥቶ ተናገረ። «አንድ ነገር ብቻ አደራ» አለ። «ለእኔ ብላችሁ አትምረጡ። ሰው ይሄዳል፣ ይመጣል። ልክ የመሰላችሁን ጣሉ።»

ሌሎቹ ሲገቡ ሲወጡ እኔ አስብ ነበር። እንዳይሄድብን እመኛለሁ። ከዚያ ሰው በፊት ትምህርት ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ቢሆንም ነገሩ አንድ ቦታ ላይ እየቆመ አልሄድልኝ አለ፦ ከሄደ ጉባኤውን ይዞት ይሄዳል፤ ሌላ ሜዳ፣ ሌላ መንደር፣ ሌላ የማትናገር ልጅ ታገኘዋለች። ከቀረ ግን በገዛ እጁ ይቀብረዋል። ያን እንዲያደርግ መፍረድ አቃተኝ። ለእኔ ብላችሁ አትምረጡ አላለም ወይ? እሱ ራሱ ጓያ እንደሚጥል አልተጠራጠርሁም። ሌሎቹ ለፍቅሩ ሲሉ ሽምብራ እንደሚጥሉ ዓይናቸው ላይ አየዋለሁ፤ ስለዚህ ቅሉ ሲገለበጥ ሁለት ጓያ ይወጣል፤ አንዷ የእሱ፣ አንዷ የእኔ። ብንሸነፍም ሁለት ሆነን ነው። በዚህ ልቤ ትንሽ ተጽናና። ገብቼ ጓያዬን ጣልሁ። ከእኔ ቀጥሎ፣ በመጨረሻ፣ እሱ ገባ።

ጌጡ ቅሉን ሰፌድ ላይ ገለበጠው። ሽምብራ። ሽምብራ። በጣቱ እየገፋ ለየ። በመጨረሻ ከመሐል አንዲት ጓያ ወጣች። እኔ ሌላዋን እጠብቃለሁ። ጌጡ ቅሉን መታ መታ አደረገው፤ ባዶ ነው።

«ይህችስ የማን ናት?» አሉ መሪጌታ።

አቶ ፈንታ ከተቀመጠበት ተንጠራርቶ አያትና ቁጣው ሁሉ በረደ። «የማን ትሆናለች፣ የራሱ ናት እንጅ!» አለ። «በገዛ ራሱ ላይ ፈረደ እኮ። ይህስ ጨዋ ልጅ ነው፤ ለካ ጨዋ ነው!» ሽማግሌዎቹ ተያዩ፤ አንዱ «ወንድ ነው» አለ፤ ሌላው እጁን ትከሻው ላይ ጣለ። ልጆቹ እያለቀሱ እየሣቁ ከበቡት፤ ቀሩልን፣ ቀሩልን ይላሉ።

እሱ ግን ያችን ጓያ ያያል። ከዚያ ቀና ብሎ አንድ በአንድ የልጆቹን ፊት መመልከት ጀመረ። እየፈለገ እንደሆነ በዚያ ክፍል የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ። ዓይኑ እኔ ጋር ደረሰ፤ ዓይኔን አልሰበርሁም። መጀመሪያ አንገቱን የደፋው እሱ ነው። እኔም የኔ ናት ብዬ አልወጣሁም፤ ሰው ሁሉ ክብሩን ሲሰጠው ማን ይነጥቀዋል?

ሰኞ ጠዋት አግዳሚዎቹ በመደዳ ሆነው ጠበቁን። መምህር አዱኛ አርጩሜ ይዞ ገባ። መንደሩ ደስ አለው። ጎበዝ መምህር ነበር፤ እንደ ማንኛውም ጎበዝ መምህር አስተማረን፤ እንደ ማንኛውም መምህርም መታን፤ ጌጡን እንኳ ሳይቀር። እኔን ግን አንድም ቀን አልነካኝም። አውቄ ስሳሳት፣ አውቄ ሳረፍድ፣ አልፎኝ ይሄዳል። ከጓደኞቼ ይልቅ የተቀጣሁት እኔ ነበርሁ። እንዴት ጠላሁት! ያን ያህል ባልወደው ኖሮ ያን ያህል አልጠላውም ነበር።

ዓመቱ አልቆ ሰባተኛ ልማር ወደ ወረታ ስመጣ፣ የክረምቱ ዝናብ ገና አላባራም ነበር፤ አባቴ እህል ጭኖ ከፊት አህያውን ይነዳል። መምህር አዱኛ ሊሸኘን እስከ መንገዱ መጣ። አባቴ ትንሽ ራቅ ሲል «አንች ነሽ አይደል?» አለኝ። ስለ ምን እንደሚያወራ አልጠየቅሁትም።

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ከኔ ደመወዝ በቀር የሚያድሩበት የሌላቸው እናት አሉኝ» አለ። ይህን ተናግሮ ሲያበቃ ራሱ ያፈረበት መሰለኝ። ዝናቡ ፊቱ ላይ ይወርዳል። «ምነው ያን ቀን እኔ አንችን በሆንሁ» አለኝና ተመለሰ።

ያኔ ንግግሩ ሰበብ መሰለኝ። ኋላ እኔም መምህርት ሆኜ፣ ልጆች ወልጄ፣ ወሩ አልደርስ ሲለኝ፣ አለቃ ሲቆጣ አፌ ላይ የደረሰውን ቃል ስውጥ፣ ያ ሃያውን ገና የተሻገረ ልጅ ከጥቁር ሰሌዳው ጀርባ ብቻውን ቆሞ ሽምብራና ጓያውን ሲያይ ታየኝ። ምን ያህል ጊዜ ቆሞ ይሆን? ይቅር ብየዋለሁ ማለት ድፍረት ነው፤ ምን በድሎኝ? አዘንሁለት። በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅም።

አሠልጣኙ ንቅናቄው በየአገሩ የከሰመበትን ምክንያት ሲዘረዝር ጦርነት አለ፣ መንግሥት አለ፣ ገንዘብ አለ። ልክ ነው። በእኛ ሜዳ ግን የዘጋነው ራሳችን ነን፤ ልጆቹ ሰውየውን ስለወደዱት፣ ሰውየው እናቱን ስለወደደ። ክፉ ሰው አልነበረበትም። መሪጌታ ዘለቀ እንኳ ክፉ አልነበሩም። መልካም ነገር በመልካም ሰዎች እጅ እንደሚሞት ያን ጊዜ ማንም አልነገረኝም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሥልጠናው ሊያልቅ ሲል አሠልጣኙ «እንግዲህ በየትምህርት ቤታችሁ የልጆች ጉባኤ በሙከራ ለመጀመር ፈቃደኛ የሆናችሁ እጃችሁን አውጡ» አለ። መምህራኑ ርእሰ መምህራኑን ያያሉ፤ ርእሰ መምህራኑ ጠረጴዛውን ያያሉ። እጄን አወጣሁ።

የኛው ርእሰ መምህር ዞር ብሎ አየኝና ሣቀ። «እትየ የሻረግ፣ እርስዎ'ኮ ጡረተኛ ነዎት፤ የእርስዎ አይቆጠርም።»

«ግድ የለም» አልሁት፤ «ባይቆጠርም ይታይ።»

ሰው ሣቀ፤ እኔም ሣቅሁ፤ እጄን ግን አላወረድሁም። ክንዴ እየዛለ መጣ። ሰላማዊት ብዕሯን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ርእሰ መምህሩን አላየችም፣ እኔንም አላየችኝም፤ ፊት ለፊቷን እያየች እጇን ቀስ ብላ አነሣች።

ሁለት ሆንን።